በመቅጠርና በማቆየት መካከል፦ የአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች የሠራተኛ እጥረት

በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች) ስላለው የሠራተኛ እጥረት ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ሰው ከየት ይምጣ በሚለው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ቪዛ፣ ማሠልጠኛ፣ የቅጥር ጉርሻ። በእኔ እምነት ግን ዋናው ችግር የተቀጠረው አለመቆየቱ ነው።

ተመራማሪዎቹ ጋንዲ፣ ዩ እና ግራቦውስኪ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት የ2017 እና የ2018 የደመወዝ መዝገቦችን መርምሮ የነርሲንግ ሠራተኞች ዓመታዊ የመልቀቅ መጠን በአማካይ 128 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ከመቶ መብለጡ አያስገርምም፤ በአንድ የሥራ መደብ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ይህ ሁሉ ከኮቪድ በፊት ነው።

አረጋውያንን የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱትና በአልጋ ላይ የሚያገላብጡት ሲኤንኤ የሚባሉት ረዳት ነርሶች ናቸው። የ1987ቱ የፌዴራል ሕግ የሚጠይቃቸው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ብቻ ነው። ሥራው ወገብ ይጎዳል፤ ክፍያው ግን አነስተኛ ነው። ከነዋሪዎቹ የአብዛኞቹን ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን) ስለሆነና ተመኑን የሚወስነው ክፍለ ግዛቱ ስለሆነ፣ አስተዳዳሪዎች ደመወዝ መጨመር አንችልም ይላሉ። ሕንፃውን ከራሳቸው እህት ኩባንያ ተከራይተው ኪራዩን በተዘዋዋሪ ለራሳቸው የሚከፍሉ ባለቤቶች ባሉበት ዘርፍ ይህን አቤቱታ እንዳለ መቀበል ይከብዳል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በሚኒሶታ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ለብዙዎቹ ሲኤንኤነት ወደ ነርስነት መሸጋገሪያ ነው፤ የዕድገት ደረጃው በዚያው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ካልተዘረጋ ትምህርቱን የጨረሰ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት እንዲመደብና የተመዘገበ ነርስ ሌት ተቀን እንዲኖር አዘዘ። በሚያዝያ 2025 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሻረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ኮንግረስ አፈጻጸሙን እስከ 2034 አዘገየ። ደንቡ በቂ ገንዘብ ሳይመድብ ቁጥር ማዘዙ ደካማ ጎኑ ነበር። ይሁንና ተቃዋሚዎቹ «ሰው የለም» ማለታቸው ውጤቱን እንደ ምክንያት ማቅረብ ነው፤ ሰው የሚሸሸው በየፈረቃው ሰው ስለሚያንስ፣ የቀረውም የሄደውን ሸክም ስለሚወርስ ነው።

በ2023 ሚኒሶታ የነርሲንግ ሆም ሠራተኞችን ዝቅተኛ ክፍያና የሥራ ሁኔታ የሚወስን ቦርድ በሕግ አቋቋመች፤ ሠራተኞች፣ አሠሪዎችና መንግሥት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበታል። መንገዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ውጤቱ ግን የሜዲኬይድ ተመን ደመወዙን ተከትሎ በመነሣቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።