ነባር ዜማ፣ አዲስ ቃል፦ የአሜሪካ ወዝ አደሮች የተቃውሞ መዝሙሮች

የሕዝብ ዜማ ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ የየዘመኑን ብሶትና ተስፋ ሲሸከም ይኖራል። በአሜሪካ የሠራተኞች ትግል ታሪክ፣ ገጣሚዎች ለተቃውሞ ስንኞቻቸው አዲስ ዜማ ከመድረስ ይልቅ ነባሩን የመረጡበት ምክንያት ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ከተማ የተቋቋመው የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር ብዙዎቹ አባላት ከእንጨት ቆረጣ ወደ አዝመራ፣ ከአዝመራ ወደ ማዕድን ጉድጓድ የሚንከራተቱ ወዝ አደሮች ነበሩ። በምዕራባዊቷ የስፖኬን ከተማ የማኅበሩ ተናጋሪዎች የሥራ ደላሎችን ግፍ በአደባባይ ሲያጋልጡ፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የሃይማኖት ድርጅት የሙዚቃ ጓድ በከበሮና በጥሩምባ ድምፃቸውን ይውጠው ነበር። ሠራተኞቹም መላ ዘየዱ፤ ጓዱ በሚያሰማው የመዝሙር ዜማ ላይ የራሳቸውን ግጥም አኑረው ይዘምሩ ጀመር። እነዚህን የመሳሰሉ መዝሙሮች በ1909 በኪስ በሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ ታትመው ወጡ።

የዚህ ዘዴ ስመ ጥር ባለሙያ በ1879 በስዊድን ተወልዶ በ1902 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጆ ሂል ነው። በ1911 የታተመው «ሰባኪውና ባሪያው» የተሰኘ መዝሙሩ፣ ስለ ሰማያዊ አገር የሚዘመር የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተዋሰ ነው። አድማጩ ዜማውን ሲሰማ የቀድሞው ቃል በልቡ ይመጣል፤ በጆሮው የሚገባው ግን ለተራበ ሰው ከሞት በኋላ ብቻ ተስፋ የሚሰጡትን የሚነቅፍ ቃል ነው። ስላቁ የሚወለደው ከሁለቱ ግጭት ነው። ሂል በ1914 ከእስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ በራሪ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር አንዴ ተነብቦ እንደሚቀር፣ መዝሙር ግን በቃል ተጠንቶ እንደሚደጋገም ገልጿል። በነፍስ ግድያ ተከሶ፣ ብዙዎች ፍርዱን እየተቃወሙ፣ በ1915 በዩታ ግዛት በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። መዝሙሮቹ ግን ከመዘመር አልቦዘኑም።

በ1931 በኬንታኪ ግዛት በሃርላን አውራጃ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ትግል ሲፋፋም፣ የሸሪፉ ታጣቂዎች የማኅበር አደራጅ የነበረውን የፍሎረንስ ሪስን ባል ፍለጋ ቤቷን በረበሩ። እርሷም ከግድግዳ ካላንደር ወረቀት ገንጥላ «ከማን ወገን ነህ?» የሚለውን ግጥም ጻፈች፤ ማደሪያውንም ከቆየ ዜማ ላይ አገኘችለት። ዜማ ደራሲ ለመጥራትም ሆነ ኖታ ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም፤ የተዘጋጀው ዜማ ግን በእጅ ነበር።

በ1945 በቻርልስተን ከተማ የትምባሆ ፋብሪካ ሥራ ያቆሙ፣ ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ከጸሎት ቤት የወረሱትን መዝሙር በአድማው ላይ ዘመሩት። ይኸው «እናሸንፋለን» በቴነሲው የሃይላንደር ትምህርት ቤት አልፎ በ1960ዎቹ የሲቪል መብት ንቅናቄ መዝሙር ሆነ። በዚያው ዘመን በባለቤትነት መብት ቢመዘገብም፣ በ2017 አንድ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አንጓ ዜማና ቃል ይህ ጥበቃ አይገባውም ሲል በየነ፤ በ2018ም በስምምነት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከሕዝብ የተወሰደው ዜማ በሕግም ለሕዝብ ተመለሰ።