ኤል ኤተርናውታ፤ ደራሲውን የዋጠ ታሪክ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሥራ ፈቶች ማሳለፊያ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛም አንዳንዴ ብለነዋል። የአርጀንቲናው «ኤል ኤተርናውታ» ታሪክ ግን ይህን ፍርዳችንን እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል። ስሙ የዘላለም ተጓዥ እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1957 ቦነስ አይረስ ውስጥ «ኦራ ሴሮ» በተባለ ሳምንታዊ የሥዕል ታሪክ መጽሔት መውጣት ጀመረ። የጻፈው ኤክቶር ኼርማን ኦስተርኤልድ፣ የሣለው ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔዝ ነበር። አራት ወዳጆች በአንድ ቤት ሰገነት ላይ ካርታ ሲጫወቱ የነካውን ሁሉ የሚገድል በረዶ በከተማዋ ላይ ይወርዳል። ከዚያም ወራሪው ይመጣል። የጦር መሪዎቹ «እጆች» የሚባሉ ፍጡራን ናቸው። በሰውነታቸው ውስጥ ጌቶቻቸው የፍርሃት ዕጢ ተክለውባቸዋል፤ ከፈሩ ዕጢው መርዝ ረጭቶ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ማመፅ አይችሉም። እውነተኞቹ ጌቶች «እነሱ» ከመባል በቀር ስም የላቸውም፤ አንድም ቀን አይታዩም። የአገዛዝን አሠራር እንዲህ ባጭሩ የገለጸ የፖለቲካ ጽሑፍ ብዙ አላነበብንም።

ውጊያው የሚካሄደው አንባቢው በየቀኑ በሚመላለስባቸው መንገዶችና በሪቨር ፕሌት ስታዲየም ነው። ተዋጊዎቹም ፕሮፌሰርና የብረታ ብረት ሠራተኛ ጎን ለጎን የቆሙባቸው ተራ ዜጎች ናቸው። ኦስተርኤልድ ኋላ እንዳስረዳው፣ ጀግናው ብቻውን የሚቆም ሰው ሳይሆን ሕዝቡ በኅብረት ነው።

በ1969 ደራሲው ያንኑ ታሪክ ከአልቤርቶ ብሬቻ ጋር «ኼንቴ» ለተሰኘ መጽሔት እንደገና አዘጋጀው። በዚህኛው ኃያላን መንግሥታት ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ደቡብ አሜሪካን ለወራሪው አሳልፈው ይሰጣሉ። መጽሔቱ ደንግጦ ታሪኩ ባጭሩ እንዲቋጭ አደረገ።

ሁለተኛው ክፍል በ1976 መውጣት ሲጀምር ወታደሮቹ ሥልጣን ይዘው ነበር፤ ኦስተርኤልድም ከሞንቶኔሮስ ድርጅት ጋር ተሰልፎ ተደብቆ ይጽፍ ነበር። በዚህ ክፍል ደራሲው ራሱ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ሆኖ ይታያል። በእኛ ግምት ሥራው ከፊተኛው ያንሳል። በመጀመሪያው ክፍል ለሚስቱና ለልጁ ሲል የሚዋጋው ሁዋን ሳልቮ፣ አሁን ጓዶቹን ለዓላማ የሚሠዋ ቀዝቃዛ መሪ ሆኗል። ይህን ማለታችን የማያስደስተው ጓድ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ሠዓሊው ሶላኖ ሎፔዝም በዚህ ለውጥ አልተስማማም ነበር። እሱ ኋላ ወደ ስፔን ተሰደደ።

ኦስተርኤልድ በኤፕሪል 1977 ተያዘ፤ አልተመለሰም። አራቱም ሴት ልጆቹ፣ ኤስቴላ፣ ዲያና፣ ቤያትሪስና ማሪና፣ በ1976 እና በ1977 ታፍነው ተወሰዱ። እናታቸው ኤልሳ ሳንቼዝ እስከ 2015 ኖረች።

በኤፕሪል 2025 ታሪኩ በብሩኖ ስታኛሮ አዘጋጅነት፣ በሪካርዶ ዳሪን ተዋናይነት በኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም ሆኖ ቀረበ። በመላው ዓለም ያየው ሕዝብ ስለ በረዶው ሲያወራ፣ በቦነስ አይረስ ሌላ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ዲያናና ማሪና ሲያዙ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በእስር ቤት ተወልደው ሊሆኑ የሚችሉት ሁለት ልጆች ፊልሙ በወጣ ጊዜ ገና በመፈለግ ላይ ነበሩ።