የስለት ልክ

«ምን ያህል ይሳል?» የሚለው የባለእጅ እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይመስልም። እኔ ግን ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ከጽሑፉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ስለቱ ነው። አንድ መጽሐፍ እስኪያልቅ ሦስት ስለት ያልፍበታልና፤ የሦስቱም ልክ ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የመፋቂያው ነው። በአገራችን ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ስቡን ኋላም ጠጉሩን ይፍቃል። በአውሮፓ እንደነበረው ኖራ ጠጉሩን አያላላለትም፤ ሥራው ሁሉ በክንዱና በብረቱ ላይ የወደቀ ነው። ብረቱ ቢዶለዱም ጠጉር ይተዋል፤ ከልክ በላይ ቢሳል ደግሞ ቆዳውን ይበሳል። ትንሿንም ጭረት ውጥረቱ ስቦ ክብ ቀዳዳ ያደርጋታል። ጸሐፊው ቃሉን ከፍሎ ዙሪያዋን ያለፈባት፣ ወይም በክር የተጠቀመች ቀዳዳ በጥንት መጻሕፍት ዘንድ ብርቅ አይደለችም።

ሁለተኛው የብርዕ መቅረጫው ነው። እዚህ ስለት አይበዛም። የዶለዶመ ካራ መቃውን ይጨፈልቀዋል፤ ፊደሉም ይወፍራል።

ሦስተኛው ስሕተት ወይም የቀድሞ ባለቤት ስም የሚፋቅበት ነው። ከጥላሸትና ካረረ እህል የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም በቆዳው ላይ ያርፋል እንጂ ዘልቆ አይበላውም፤ ስለዚህ ቀላል ፍቀት ይበቃዋል። እጅ ከበረታ ግን ገጹ ይሳሳል፣ አዲሱም ቀለም ይፈስሳል።

ይህ ልክ በሌላ አገር ያዳነውን ልጥቀስ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተገለበጠ የአርኪሜዲስ የግሪክኛ መጽሐፍ ተፍቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1229 ጸሎት ተጻፈበት። ፋቂው የፈለገው አዲስ ቀለም የሚይዝ ገጽ ብቻ ነበርና ከዚያ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1906 የዴንማርኩ ሊቅ ሃይበርግ በቁስጥንጥንያ ከጸሎቱ ሥር የቀረውን አነበበ፤ ከ1999 ወዲህም በልዩ ልዩ ብርሃን በተነሡ ፎቶግራፎች ሌላው ተነበበ። «ዘዴ» የተባለው የአርኪሜዲስ ድርሰት በግሪክኛ የተረፈው በዚያ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ብራና ፋቂዎች እያነሱ ሲሄዱ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ብረቱን ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ የት ላይ መቆም እንደሚገባው ግን ከመምህሩ ጎን ሳይቀመጡ አይገኝም።