ገንዘብ ፊደልን ሲከተል፦ የማስታወቂያ ታሪክ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ

ነጋሪት ተጎስሞ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲባል አዋጅ ነጋሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ገበያተኛው ቃሉን ይዞ ወደየመንደሩ እንዲመለስ። ያልተሰማ አዋጅ እንዳልታወጀ ነው። ማስታወቂያ ከነጋሪት ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ስልክ ሲሻገርም ይህ አልተለወጠም፤ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣው እንዲነበብለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ማስታወቂያ አስጠግቶ፣ ከዚያ በሚገኝ ገቢ ቤተሰብ ማስተዳደር የተለመደ ሥራ ሆኗል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ግን በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ድህነት ነው፤ አካባቢው ነጋዴም አንባቢም የለውም ይባላል። ታሪኩን ለተከተለ ሰው ግን መልሱ ሌላ ነው። አንባቢው አስቀድሞ ነበር፤ ነጋዴውም ነበር። የዘገየው ገጹ በሚነበብ መልክ መሠራቱ ነው።

የሚነበብ ገጽ ማዘጋጀት ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። የብራና ጸሐፊ ገጹን በሁለትና በሦስት ዓምድ ከፍሎ መስመሩን አጭር የሚያደርገው ዓይን ከአንዱ መስመር ጫፍ ወደ ቀጣዩ ሲመለስ እንዳይስት ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ጸሐፊው የክፍሉን መጀመሪያና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለያል፤ በምዕራፍ መግቢያ ላይ ሐረግ ይስላል። እነዚህ ዘዴዎች ጌጥ ቢመስሉም ሥራቸው አንባቢን መምራት ነው። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም፣ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን»ም ዓምድንና ርዕስን ከዚሁ ልማድ ጋር አስማምተው ይዘው ቀጠሉ። በጋዜጣ ታሪክ ውስጥ ስለ ማስታወቂያ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ደግሞ የጨረታ ገጽ ነው። ሐተታውን ሳያነብ ጋዜጣ የሚገዛ ተቋራጭ አለ፤ የሚፈልገው ጨረታውን ነው። ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ ወጣትም እንዲሁ። ማስታወቂያው በመደቡ ተለይቶ፣ ርዕሱ ደምቆ፣ ቀኑና ቦታው ቶሎ በሚገኝበት መልክ ሲወጣ ራሱ የሚሸጥ ንባብ ይሆናል።

አሁን ወደ ሀዲያና ከምባታ እንምጣ። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሆሳዕና ስሟን ያገኘችው ከበዓሉ ነው፤ ዋቸሞ የሚለው የቀድሞ ስሟ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዋ ስም ዛሬም ይጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ወደ 70 ሺህ ገደማ ነበር፤ በመላ አገሪቱ የተቆጠረው የሀዲያ ሕዝብ ከ1.2 ሚሊዮን፣ የከምባታ ሕዝብ ደግሞ ከ600 ሺህ ይበልጥ ነበር። ይህ ሕዝብ ከንባብ ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም። የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሰዎች ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው ሲሠሩ ማንበብን ከስብከት ጋር አያይዘው አስተምረዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ትምህርቱን በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ የሀዲያ ቋንቋ ሀዲይሳና የከምባታ ቋንቋ ከምባትሳ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። መማሪያዎቹ ሁሉ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። በዚያ ዘመን ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል የቆጠረ ገበሬ የራሱን ቋንቋ በ«ሀ ሁ» አንብቧል ማለት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱም ቋንቋዎች ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ። ለዚህ የቀረበው ምክንያት ከባድ ነው፤ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ሀዲይሳና ከምባትሳ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም የሚለዩ ቋንቋዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ማጥበቅን አያሳይም፤ የአናባቢን ርዝመትም እነዚህ ቋንቋዎች በሚፈልጉት መጠን አይለይም። በላቲኑ ግን ፊደሉን ሁለት ጊዜ መጻፍ ይበቃል። መፍትሔው ለድምፁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለገበያው አንድ ጣጣ ትቷል፤ አንባቢው በዕድሜ ተከፈለ። በዘመቻው የተማረ አባት ሀዲይሳን በግዕዝ ፊደል ያውቃል፤ ልጁ ደግሞ በትምህርት ቤት «ኤክስ» የምትባለውን የላቲን ፊደል እንደ «ጥ» ማንበብ ተምሯል። ባለሱቁ የትኛውን ይጻፍ? ብዙዎቹ የመረጡት ሁሉም የሚያነበውን አማርኛና ዓይን የለመደውን እንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ነው በሱቅ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ጎልተው የሚታዩት። ነጋዴው ቋንቋውን ጠልቶ አይደለም፤ ለሠዓሊ የከፈለው ገንዘብ ብዙ ዓይን እንዲያገኝለት ስለፈለገ ነው።

የአማርኛው ገጽም ቢሆን ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ተሰናክሏል። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ሸሽገው አስቀመጡት፤ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ፣ ባልተጫነበት ላይ ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ ገና አልነበረም። 345 ቁምፊዎች ይዞ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው፤ ለዚህም እንደ ፍሥሐ አትላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል። ከዚያም በኋላ ዊንዶውስ ኤክስፒ ፊደሉን የያዘ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2007 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚህ መካከል አማርኛ ገጾች አንድ ማምለጫ ያዙ፤ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገው መለጠፍ። ለሰው ዓይን ይነበባል፤ ለኮምፒውተር ግን ከአበባ ፎቶ አይለይም።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ የሚገባው የማስታወቂያውን ገንዘብ አካሄድ ላየ ነው። የመጀመሪያው የድረ ገጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆትዋየርድ በተባለ መጽሔት ገጽ ላይ የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ሲሆን ያኔ ቦታው የሚሸጠው በጋዜጣ ልማድ፣ ሰው ከሰው ተዋውሎ ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2003 አድሴንስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎት ሲያመጣ ግን አሻሻጡ ተገለበጠ። ገጹን የሚያነበው ፕሮግራም ነው፤ ስለ ስንዴ የሚያወራ ገጽ ካገኘ የእርሻ መሣሪያ ማስታወቂያ ያስጠጋል፤ ለገጹ ባለቤትም ድርሻውን ያስባል፤ ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ይከፍላል። ፕሮግራሙ ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነ የሚያስጠጋው የለም። ኩባንያው የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛ ለረጅም ዓመታት አልነበረበትም፤ ሀዲይሳና ከምባትሳማ አይነሱም። ጎግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ የጨመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚህ ላይ የገጹን ባለቤት አድራሻ ለማረጋገጥ የምስጢር ቁጥር በፖስታ ይላካል፤ ፖስታ በየቤቱ በማይታደልበት አገር ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ስንቱን እንዳስቀረች መገመት አያዳግትም።

የአካባቢውን ዕድል በተመለከተ ግን ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር አለ። የማስታወቂያ ዋጋ በአብዛኛው የሚወሰነው ገጹ በተጻፈበት ከተማ ሳይሆን አንባቢው በተቀመጠበት አገር ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት የታወቀ ነው፤ በጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ልጅ ማታ ስልኩን ሲከፍት የሚፈልገው የሆሳዕናን ወሬ፣ የመሬት ዋጋን፣ የለቅሶና የሠርግ ዜናን ነው። እርሱ የሚያነበው ገጽ ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ በደቡብ አፍሪካ ገበያ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ አንባቢ የለም የሚለው ክርክር በዚህ በኩልም አይቆምም።

«በአካባቢው ለማስታወቂያ የሚከፍል ነጋዴ የለም» የሚለውን ደግሞ መንገዱ ራሱ ይመልሰዋል። ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና አዲስ የተከፈተ ሱቅ ሲያስተዋውቅ፣ የሰሌዳ ሠዓሊ ሲከፈለው፣ ባነር ሲታተም ገንዘብ እየወጣ ነው። ዛሬ የቴሌግራም ቻናል ያላቸው ወጣቶች ከነጋዴ ጋር በቀጥታ ተዋውለው፣ በቴሌብር ተቀብለው ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ቴሌግራም ራሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1000 በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ማካፈል ጀምሯል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ የኔትወርክ ነው፤ የሚቆራረጥ መስመርና ውድ ዳታ ባለበት የገጽ አሠራር ምን ይለውጣል ይባላል። የመስመር መቋረጥን ማንም ድረ ገጽ ሠሪ አያድነውም፤ ይህን እቀበላለሁ። የዳታው ውድነት ግን ክርክሩን ወደ እኔ ወገን ያመጣዋል። አንባቢው በሜጋባይት የሚከፍል ከሆነ በሚንቀሳቀስ ሥዕል የታጨቀ ገጽ ከኪሱ ይወስዳል፤ በፊደል የተጻፈ ገጽ ደግሞ ከሥዕሉ እጅግ ቀሎ ይከፈታል። ብዙ ማስታወቂያ ብዙ ገቢ ነው የሚሉም አሉ። ክሮም የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ገጹን የሚሸፍኑና በድንገት የሚዘሉ ማስታወቂያዎችን በሚያበዙ ገጾች ላይ ማስታወቂያን ማገድ የጀመረው አንባቢ እንዲህ ባለው ገጽ በመማረሩ ነው። የጨረታ ጋዜጣው ይህን ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ማስታወቂያውን አላስሮጠውም፣ በመደቡ አስቀመጠው።

በላቲን መጻፉስ ሀዲይሳን ከዚህ ሁሉ አላዳነውም ወይ? ፎንት በመፈለግ በኩል አድኖታል። ነገር ግን ፊደሉን የሚያውቅ ኮምፒውተር ቋንቋውን አወቀ ማለት አይደለም፤ ለመማር በብዛት የተጻፈ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለዓይንም የራሱ ችግር አለው። ድርብ ፊደልና ረጅም ቃል ያለው ጽሑፍ በጠባብ የስልክ ዓምድ ላይ መስመሩ እየተሰበረ ያስቸግራል፤ ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተትና ከግራ ብቻ የተስተካከለ ዓምድ ያሻዋል። አማርኛው ደግሞ ከፍ ያለ የፊደል መጠን ይጠይቃል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ጭረቷ ከመሃል ወይም ከእግር በመውጣቷ ነው፤ ለላቲን በተመረጠ ትንሽ መጠን ሲጻፉ ጭረቷ ትጠፋና አንባቢው ቃሉን በግምት ይሞላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማየት ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያን ማየት ይበቃል። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር በዩኒኮድ ትጽፈዋለች። ይታተማል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ሐምራዊው ማኅተም የማመልከቻው ቀን ላይ ያርፋል። ወረቀቱ ከሰሌዳ ይለጠፋል፤ አንድ ሰው በስልኩ ያነሳዋል፤ የእጁ ጥላ ከታች ያለውን መስመር ይሸፍናል፤ ፎቶው በፌስቡክ ይወጣል። በፊደል ተወልዶ የነበረው ጽሑፍ በመጨረሻ ሥዕል ሆነ። ሾኔ ወይም ሆመቾ ላይ ሆና «ነርስ፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ ሆሳዕና» ብላ የምትፈልግ ተመራቂ አታገኘውም። ዛሬ ችግሩ የፎንት አይደለም፤ ፊደሉ በዩኒኮድ ከገባ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። የቀረው የሥዕል ዘመን ልማድ ነው፤ ልማዱም በየዕለቱ አካባቢው ሊኖረው የሚገባውን የጽሑፍ ክምችት ያስቀራል። ክምችት በሌለበት ፈላጊውም፣ ተርጓሚውም፣ ማስታወቂያ አስጠጊውም ቋንቋውን አይማሩትም።

በሆሳዕናና በዱራሜ ቻናልና ገጽ የምታስተዳድሩ፣ በየጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ የምታወጡ ሁሉ፦ ማኅተም ያለበትን ፎቶ ለማረጋገጫ ለጥፉት፤ ከሥሩ ግን ሙሉ ቃሉን በፊደል ጻፉት። በአማርኛም፣ በሀዲይሳም፣ በከምባትሳም ጻፉት።