የእስክንድርያ መምሪያ መጽሐፍና ከጎዳናዎቿ በታች ያለው ከተማ

የአንድ ከተማ የጉብኝት መምሪያ መጽሐፍ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። የሆቴሉ ዋጋ ይለወጣል፤ የትራሙ መስመር ይነሣል፤ የጎዳናው ስም በሌላ ይተካል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ስለ እስክንድርያ የጻፈው መምሪያ ግን በ1922 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከታተመ መቶ ዓመት አልፎትም ይነበባል። ለዚህ ያበቃው የተዘጋጀበት ዘዴ በመሆኑ፣ መሐንዲሶች ሊመረምሩት ይገባል።

ፎርስተር ወደ እስክንድርያ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 ዓ.ም. ነበር። ሥራውም በቀይ መስቀል ውስጥ ሆኖ በየሆስፒታሉ የተኙትን ቁስለኞች እየጠየቀ ደብዛቸው ስለ ጠፋ ወታደሮች መረጃ ማሰባሰብ ነበር። በትርፍ ጊዜው ከተማይቱን እየዞረ አጠናት። መጽሐፉንም በሁለት ክፍል አዘጋጀው፤ አንደኛው ታሪክ፣ ሁለተኛው የጉብኝት መምሪያ ሲሆን፣ ሁለቱ በገጽ ቁጥር ይጠቋቆማሉ። ጎብኚው ከአንድ ስፍራ ቆሞ መምሪያውን ቢገልጥ በዚያ ቦታ የተፈጸመውን ወደሚተርከው ገጽ ይመራዋል፤ ታሪኩን የሚያነብም ድርጊቱ ወደ ተፈጸመበት ቦታ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ዘዴ ያስፈለገው የጥንቷ እስክንድርያ አብዛኛው ክፍል ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ነው። ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ይህች ከተማ ባዕድ አይደለችም፤ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የጵጵስና ማዕረግ የተቀበሉባት ናት። ይሁን እንጂ ያችን የአትናቴዎስን ከተማ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ሕንጻዎችን ነው።

ከዐቢዩ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ራስ አልቲን ቤተ መንግሥት የሚሄደውን መንገድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መንገደኛው ተራ ጎዳና የያዘ ይመስለዋል፤ የሚረግጠው ግን ቀድሞ ባሕር የነበረውን ስፍራ ነው። ጥንት ዋናውን ምድር ከፋሮስ ደሴት ጋር ለማገናኘት ሄፕታስታድዮን፣ ማለት «ሰባት ስታድዮን» የተባለ፣ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሻገሪያ በባሕሩ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ይህ ሥራ የውሃውን እንቅስቃሴ ስለ ገታ በሁለቱም ጎን አሸዋና ደለል ተከማቸ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ቀጭኑ መሻገሪያ ሰፊ የብስ ሆነ፤ በኦቶማን ዘመንም ሰፈር ተቆረቆረበት። መሐንዲሶቹ መንገድ ሠሩ፤ ባሕሩ የከተማ ቦታ ጨመረበት።

በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚታየው የቃይትባይ ምሽግም እንዲሁ ነው። ምሽጉ በ1477 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ነበረው የሚባለው የፋሮስ የመርከብ መብራት ማማ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰ በኋላ፣ በዚያው ስፍራ ነው። ምሽጉን ብቻ የሚመለከት ጎብኚ ከሥራው ግማሹን እንኳ አላየም።

የተሰወረውን ለማየት መጻፍ ብቻ ሳይሆን መለካትም ያሻል። ከፎርስተር መጽሐፍ 50 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1866 ዓ.ም.፣ ግብፃዊው የሥነ ፈለክ ሊቅና መሐንዲስ ማሕሙድ አልፈለኪ መሬቱን እያስቆፈረ የጥንቷን ከተማ ጎዳናዎች መስመር በካርታ ላይ አሰፈረ። ብዙም ሳይቆይ ከተማይቱ እየሰፋች በቁፋሮ የተገለጠውን መልሳ ሸፈነችው። በእርሱ ፕላን አንዳንድ ዝርዝሮች ላይ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ የጥንቷን እስክንድርያ የሚያጠና ሁሉ ዛሬም ከእርሱ ይነሣል። በፎርስተር ዘመን የሮዜታ ጎዳና ይባል የነበረው፣ ኋላ ፉአድ፣ ከዚያም ሑርሪያ የተባለው መንገድ፣ ስሙ ደጋግሞ ቢለወጥም በጥንቱ ዋና ጎዳና አቅጣጫ መዘርጋቱን ያሳየው ይኸው ቅየሳ ነው።

መጽሐፉ ራሱም ለጥቂት ነው የተረፈው። ፎርስተር እንደ ተረከው፣ አሳታሚዎቹ ክምችቱ በእሳት መጋየቱን ገልጸው ካሣ ከፈሉት። ጥቂት ቆይቶ ግን መጻሕፍቱ በምድር ቤት ሳይነኩ ተገኙ፤ የኢንሹራንሱ ገንዘብ አስቀድሞ ተከፍሎ ስለ ነበር ሆን ተብሎ ተቃጠሉ። መጽሐፉ እንደ ገና የታተመው በ1938 ዓ.ም. ነው።

ድንጋይ ይፈርሳል፤ ወረቀትም ይቃጠላል። አንድ ሥራ ለተተኪው ትውልድ የሚተላለፈው ግን ሠሪው የት፣ መቼና እንዴት እንደ ሠራው ተጽፎ ሲገኝ ነው። ዛሬ በየከተማው አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ ሲተከል፣ የሚፈርሰውን ለክቶና ነድፎ ማስቀመጥ ከግንባታው ተነጥሎ የሚታይ ትርፍ ሥራ ሳይሆን የሙያው ግዴታ ነው።