አሰልጣኙ በክንፉ ሥር ምን ይዞ ነበር?

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ ከተገደሉት መካከል አንድ የ67 ዓመት ስዊድናዊ አብራሪ ነበር። ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይባላል። ወደ ኦጋዴን የሄደው ለውጊያ አልነበረም፤ በእርዳታ ሥራ ላይ ነበር። የተቀበረውም አገሩ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ይህ ሰው ለአንዱ ቅዱስ ነው፣ ለሌላው ቅጥረኛ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም።

በትልቅ ጄት ውስጥ የአንድ ሻንጣ ክብደት ማንንም አያስጨንቅም። በትንሽ አውሮፕላን ግን ሒሳቡ ጨካኝ ነው፤ ነዳጅ ከሞላ ሰው ይቀራል፣ ሰው ከተጨመረ ጆንያ ይወርዳል። በእኛ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምትበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑም ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ አብራሪው ገና ከመሬት ሳይነሳ ይመርጣል። ፎን ሮዘንን ለማወቅ ከሚባለው ይልቅ የጫነውን መቁጠር ይሻላል።

ታሪኩ ከእሱ በፊት ይጀምራል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ጣሊያን ሲመጣ ግን በእጃችን የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፣ ለውጊያም የሚሆኑ አልነበሩም። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በእነዚህ አውሮፕላኖች የጫነው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል ያመላልስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር።

ፎን ሮዘንም የመጣው በዚሁ ጦርነት ነው። ያኔ ገና 26 ዓመቱ። የእናቱ እህት የሄርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች፤ እሱ ግን ከፋሽስቶች ቦምብ በታች የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበር ነበር። ጭነቱ መድኃኒት፣ ሐኪምና ቁስለኛ ነበር። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ከስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ከማርሴል ዡኖ ጋር ወደ ኮረም የበረረበት አውሮፕላን መሬት ላይ እንደቆመ በጣሊያን ቦምብ ወደመ። ቀይ መስቀል ቀለም እንጂ ጋሻ እንዳልሆነ በ26 ዓመቱ አይቷል። በኋላ ያደረገውን ለመረዳት ይህ ቀን መረሳት የለበትም።

ከነፃነት በኋላ ሁለቱም ተመለሱ። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሆኖ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ፎን ሮዘን ደግሞ ስዊድናውያንን አስከትሎ መጥቶ ለአሥር ዓመት ያህል፣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ፣ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ሥልጠና መራ። ማሠልጠኛዋ ሳፊር የምትባል ትንሽ የስዊድን አውሮፕላን ነበረች። በግንቦት 1939 ዓ.ም. እሱ ራሱ አንዷን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነስቶ፣ መንገድ ላይ ሳያርፍ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ጉዞ አውሮፕላኗ የተሸከመችው ከአብራሪው ሌላ ቤንዚን ነው ቢባል ይቀላል።

ሁለቱ አሠልጣኞች ግን አልተስማሙም። ጠባቸው ሮቢንሰንን እስከ እስር አደረሰው። መጋቢት 1946 ዓ.ም. እሱም በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ዛሬ ጥቁር አሜሪካውያን የሮቢንሰንን ታሪክ ይተርካሉ፣ ስዊድናውያን የፎን ሮዘንን። ከኋለኛው ወንበር ሆነው የተቆጧቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ስም ግን በሁለቱም ትረካ ውስጥ ከስንት አንዴ ነው ብቅ የሚለው። እነሱን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው እንሂድ። ነሐሴ 1960 ዓ.ም. የናይጄሪያ መንግሥትና የቢያፍራ ተወካዮች አዲስ አበባ ላይ ለሰላም ንግግር ተቀመጡ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሽምግልና ኮሚቴ የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ አቋማቸውም ናይጄሪያ እንዳትከፈል ነው። በዚያው ወር የቀድሞ አሠልጣኛቸው ትልቅ አውሮፕላን ይዞ፣ ዛፍ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ የናይጄሪያን ከበባ ጥሶ ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ እርዳታ አደረሰ።

በዚህ ቢያቆም ኖሮ ሐውልት ለማቆም ማንም አይከራከርም ነበር። አላቆመም። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አምስት ኤምኤፍአይ-9 የሚባሉ፣ ሞተራቸው 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው የስፖርት አውሮፕላኖች፣ እያንዳንዳቸው በክንፋቸው ሥር 12 ሮኬት ታጥቀው ፖርት ሃርኮርት አውሮፕላን ማረፊያን መቱ። የመራው ፎን ሮዘን ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ኤኑጉና ቤኒን ተከተሉ። የቢያፍራ አብራሪዎችንም አሠለጠነ፤ መምህርነቱ አለቀቀውም። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ እህል የጫነውን አውሮፕላን የሚመታው ተዋጊ መሬት ላይ ካልወደመ እህሉ አይደርስም። ኮረምን ያየ ሰው እንዲህ ማሰቡ አይደንቅም። ግን ናይጄሪያዊው ወታደር ከሰማይ ሮኬት ሲዘንብበት እርዳታ መስሎ ሊታየው አይችልም። ጦርነቱንም በማራዘም የሚከሱት አሉ፤ ክሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከዚያ የወሎ ረሃብ መጣ። በ1966 ዓ.ም. ፎን ሮዘን 65 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እንደገና ኢትዮጵያ ገባ። ይዞ የመጣው ኤምኤፍአይ-15ን ነው፤ የዚያችው የቢያፍራዋ አውሮፕላን ታናሽ እህት፣ የዚያው የስዊድናዊው መሐንዲስ የቢዮርን አንድሬያሶን ንድፍ። መኪና በማይደርስበት ተራራና ገደል ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ከክንፉ ሥር የእህል ከረጢት ይጥል ነበር። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሮኬት የተሰቀለበት ቦታ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ቢጠየቅ ምናልባት ስለ ክብደቱ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ክንፍ የተንጠለጠለበትን አይለይም።

ቅዱስ ነው የሚሉት የ1966ቱን ይዘው ነው፣ ቅጥረኛ ነው የሚሉት የ1961ዱን። ሁለቱንም ያደረገው አንድ እጅ ነው፤ አንዱን ለማድመቅ ሌላውን መፋቅ ታሪክ መጻፍ አይደለም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም ሰውየው መምጣቱን አልተወም።

ጎዴ ላይ በተገደለበት በዚያው ሐምሌ ወር ከቢሾፍቱ አየር ኃይል የወጡ አብራሪዎች በኤፍ-5 ጄቶች ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ኦጋዴን ሰማይ ላይ ተዋጉ፣ የአየር የበላይነቱንም ያዙ። የእነሱ ክንፍ ሚሳይል ይዞ ነበር።