ሊኒየር ቢ የተባለው ጽሕፈት አፈታት

እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ ከ1900 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቀርጤስ ደሴት፣ በክኖሶስ፣ ቆፍሮ ያወጣቸው የሸክላ ጽላቶች ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ሳይነበቡ ቆይተዋል። በ1952 ያነበባቸው ማይክል ቬንትሪስ ሙያው የሕንፃ ንድፍ ነበር፤ በቋንቋ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ አልነበረውም። ታዲያ በምን ዘዴ አነበባቸው?

በፊደል ገበታ ያደግን እኛ ነገሩን በቀላሉ ልንረዳው እንችላለን። ምልክቶቹ 90 ያህል ናቸው፤ ለላቲን ዓይነት ፊደል ይበዛሉ፣ ለየቃሉ ሥዕል ለሚሰጥ ጽሕፈት ደግሞ እጅግ ያንሳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት እንደ በ፣ ቡ፣ ቢ ያለ ድምፅ መሆን አለበት። ነገር ግን ቡ የበ ዘመድ መሆኑን መልኩ ሲነግረን፣ በሊኒየር ቢ መልክ ዝምድናን አያሳይም። ዝምድናው የሚገኘው በመቍጠር ብቻ ነበር።

ይህን የጀመረችው በብሩክሊን ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው አሊስ ኮበር ናት። ወረቀት በጠፋበት በጦርነቱ ዘመን ከሰላምታ ካርድ ጀርባ ሳይቀር እየቈረጠች፣ የትኛው ምልክት ከየትኛው ጋር እንደሚገኝ መዘገበች። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ» የሚሉትን ደጋግሞ ቢያይ፣ ድምፃቸውን ባያውቅም ት፣ ቱ፣ ቴ አንድ ተነባቢ እንዳላቸው ሊገምት ይችላል፤ «ልጁ» የሚለውን ቢጨምርበት ደግሞ ቱና ጁ በአናባቢ እንደሚገናኙ ይደርስበታል። የኮበር ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው። በ1950 በ43 ዓመቷ ስለ ሞተች ፍጻሜውን አላየችም። ዝናው ሁሉ ለቬንትሪስ መሰጠቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቬንትሪስ ምልክቶቹን ተነባቢው በረድፍ፣ አናባቢው በዓምድ በሆነ ሠንጠረዥ ደረደራቸው፤ ይህም የእኛው ገበታ መልክ ነው። በቃል መነሻ አዘውትረው የሚገኙትን ምልክቶች ቈጥሮ አናባቢዎችን ለየ። ቋንቋው የኤትሩስካውያን ዘመድ ነው ብሎ ለብዙ ዓመታት ያምን ነበር። የክኖሶስንና የአምኒሶስን ከተሞች ስም በሠንጠረዡ ላይ ቢሞክር ግን፣ የሌሎቹ ምልክቶች ድምፅ ተከታትሎ ወጣ፤ የሚነበበውም ግሪክኛ ሆነ። የገዛ እምነቱን ትቶ ሠንጠረዡን መከተሉ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ነው።

ተጠራጣሪዎች አልጠፉም። ይሁን እንጂ በ1953 ካርል ብሌገን፣ ቬንትሪስ ሠንጠረዡን ሲሠራ ያላየውን አንድ የፒሎስ ጽላት በዚሁ ዘዴ አነበበ። ባለሦስት እግር ዕቃ በተሣለበት አጠገብ «ቲ-ሪ-ፖ-ዴ» የሚል ተገኘ፤ ከእንስራዎቹም ሥዕል ጎን ባለአራት ጆሮ፣ ባለሦስት ጆሮና ጆሮ የሌለው የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። የዕቃ መያዣን ጆሮ ማለት፣ ለካ፣ የእኛ ብቻ አይደለም።